ስኩዌርቢል ክራንክቤይት ወረወርኩ፣ ወረወርኩ፣ ባስ የለም። የት ነው የተሳሳትኩት?

ታክሲ_በሌሊት · ማርች 17

ሰላም ወገኖች። ሌሊት አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እና ኤርፖርት መሃል ታክሲ እነዳለሁ። ጠዋት ከመተኛቴ በፊት ሁለት ሰዓት ባስ የሚባለውን ዓሣ የማጥመድ አባዜ ይዞኛል። ለባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን «ባስ ልይዝ ሄድኩ» ስላት «መኪናህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

አምና በትል ነበር የማጠምደው። ዘንድሮ አንድ የሥራ ጓደኛዬ አራት ክራንክቤይት (ትንሽ ዓሣ የሚመስል፣ መንጠቆ ያለው ማጥመጃ) ሰጠኝ፤ ምላሳቸው አጭርና አራት ማዕዘን፣ ስኩዌርቢል የሚሏቸው። በርክ ሌክ ዳር ሦስት ጠዋት ቆሜ ወረወርኩ፤ አንድም የነካኝ የለም። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የምጠቀልለው። መንጠቆው እንዳይያዝብኝ የወደቀ ዛፍ ያለበትን ቦታ እየሸሸሁ ገላጣ ውሃ ላይ ነው የምወረውረው። ውሃው ብርድ ነው (የለካሁት እጄን ከትቼ ነው)። ቀለሙ ነው? ፍጥነቱ ነው? ወይስ ጊዜው ገና ነው?

የአሞራ_ገደል_ልጅ · ማርች 17

እንኳን ደህና መጣህ። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ «ዛፍ ያለበትን እየሸሸሁ»። ስኩዌርቢል የተሠራው እኮ ዛፍ እንዲገጭ ነው! ገላጣ ውሃ ላይ ስትጎትተው ለባሱ መንገድ ላይ እንደሚያልፍ መኪና ነው፤ አይቶት ዝም ይላል። ጉቶ ገጭቶ ወደ ጎን ሲፈናጠር ነው ሳያስብ የሚነክሰው።

ሐዋሳ ተወልጄ በመረብ የወጣ ቆሮሶ ሲበለት እያየሁ ነው ያደግኩት። ዓሣን አናዶ መያዝ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት ውድብሪጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጋሽ_ማታዎማን · ማርች 18

ልጅቱ ልክ ብላለች። እኔ ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ለምኑን ካላወቅክ ነገ ሌላ ሐይቅ ላይ ትጠፋለህ።

ከክራንክቤይቷ አፍንጫ ሥር የተሰካችውን ፕላስቲክ እያት። ክሩን ስትጠቀልል ውሃው ያችን ምላስ ይገፋና አፍንጫዋን ይደፋታል፣ ጅራቷ ይነሳል። ምላሷ አጭርና ወደ ታች ቀጥ ያለ ከሆነ ብዙ አትጠልቅም፤ ያንተዎቹ ከ2 እስከ 5 ጫማ ቢወርዱ ነው። ረጅምና ወደ ፊት የተጋደመ ከሆነ 10ም 15ም ጫማ ይወርዳል፤ እሱን ለጀልባ ሰዎች ተውላቸው። እንግዲህ አፍንጫዋን ደፍታ ስለምትሄድ እንጨቱን ቀድሞ የሚነካው ምላሷ ነው፣ መንጠቆዎቹ ከኋላ ተከልለዋል። የምላሷ ማዕዘን ደግሞ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ገላዋን ወደ ጎን ይወረውራታል። አራት ማዕዘን የሆነው ለጌጥ አይደለም።

አሁን ስለ እጅህ። እንጨት ስትነካ ሰው ሁሉ የሚያደርገው መሳብ ነው። አትሳብ። መጠቅለልህን አቁም፣ ክሩን አላላው፣ ሁለት ድረስ ቁጠር። ተንሳፋፊ ስለሆነች በኋላዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ራሷን ታላቅቃለች። ከያዝኳቸው ትልልቆቹ ብዙዎቹ የነከሱት በዚያች ሁለት ቁጥር ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሽ። ቀጥ ብላ ትመጣለች ወይስ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች? እግርህ ሥር ባለው ውሃ ውስጥ በፍጥነት ጎትታት። ወደ ግራህ ከሸሸች ክር የምታስርባትን ቀለበት በፒንሳ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝህ አጠፍ አድርጋት። በጣም ትንሽ ያልኩህን አስምርበት፤ እኔ ስንቱን ሰብሬአለሁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ውሃው 50 ዲግሪ ፋራናይት ሳይሞላ ባስ ስንፍና ላይ ነው። ሰፊ የሚወዛወዘውን ክብ ስኩዌርቢል ትተህ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ጠበብ አድርጎ የሚንቀጠቀጠውን በዝግታ ሳብ። ከ50 እስከ 60 ያለው የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ሴቷ ባስ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ሆዷን ልትሞላ ወደ ዳር ትወጣለች። የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ያዝ፤ ፀሐይ ከደቡብ ቀኑን ሙሉ ስለምታገኘው ቀድሞ ይሞቃል። በዚህ ወር ጠዋት መሄድህም ጥፋት ነው። ውሃው ሌሊት ቀዝቅዞ ያድራል፤ 9 እና 10 ሰዓት ላይ (በሀበሻ) ፀሐይ የጠጣውን ድንጋይና ግንድ ፈልግ።

በነገራችን ላይ ይህን ዕቃ ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ እናየዋለን እንጂ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፍሬድ ያንግ የሚባል የቴነሲ ሰው ኦክ ሪጅ ከተማ ቁጭ ብሎ ከባልሳ እንጨት አንድ በአንድ በእጁ ይጠርበው ነበር። «ቢግ ኦ» ይላታል፤ ኦዲስ በሚባለው ግዙፍ ወንድሙ ስም። በ70ዎቹ ኮተን ኮርዴል በፕላስቲክ እስኪያወጣት ድረስ እንደ ልብ አትገኝም ነበር።

የጋርላንዱ · ማርች 18

ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል፤ ከዳላስ በኩል አንድ ነገር ብቻ። «ማርች ነው፣ ኤፕሪል ነው» እያላችሁ አትከራከሩ። እኔ ሬይ ሀባርድ ሐይቅ ላይ ፌብሩዋሪ መጨረሻ 55 ዲግሪ አግኝቼ አውቃለሁ፤ እናንተ ያኔ ኮት ደርባችኋል። ወቅት የሚቆጠረው በቴርሞሜትር ነው። የ10 ዶላር ዕቃ ነው፣ ግዛና ክር አስረህ ጣለው።

እኛ ጋ ብዙ የወደቀ ዛፍ የለም። ያለን ድልድይና ግድብ እንዳይሸረሸር የተደፋው ድንጋይ ነው። ወደ ውሃው ሳይሆን ከድንጋዩ ጎን ለጎን ወርውር፤ ያኔ ክራንክቤይቱ ከመነሻው እስከ እግርህ ድረስ ድንጋይ እየነካ ይመጣል። ቀጥ አድርገህ ወደ መሃል ብትወረውር የሚነካው የመጨረሻዎቹን ሦስት ጫማ ብቻ ነው።

ቀለም፦ ማርች ላይ ቀይ። ክሬይፊሽ (ባስ የሚበላው ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ) ከጉድጓዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ሌላ ቀለም አታስብ።

የአሞራ_ገደል_ልጅ · ማርች 18

«ሌላ ቀለም አታስብ» የሚለው ላይ አልስማማም። ቴክሳስ ላይ ቀይ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ዝናብ ጥሎ ውሃው ሻይ በወተት ሲመስል እኔ የምወረውረው ጀርባው ጥቁር የሆነ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ያውም ማርች ላይ። መጀመሪያ ይታይ፣ ከዚያ ክሬይፊሽ ይምሰል አይምሰል እናወራለን። ውሃው ጥርት ሲል ግን ቡናማና ቀይ ልክ ነህ።

የጋርላንዱ · ማርች 19

እሺ፣ በድፍርስ ውሃ ተሸነፍኩ። በጥርት ውሃ አልተሸነፍኩም።

በረዶ_ሰባሪ · ማርች 19

ከሚኒያፖሊስ ሰላም። እናንተ ስለ 50 ዲግሪ ስትከራከሩ እኔ በረዶው ላይ ወንበር ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ሜይ ላይ እመለሳለሁ።

ታክሲ_በሌሊት · ኤፕሪል 6

ምክራችሁን ሰማሁ፣ ዛፍ ውስጥ ወረወርኩ። ከአራቱ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ዛፉ ወሰደብኝ! ጋሼ፣ ሁለት ቁጠር ያሉኝን ቆጥሬአለሁ፤ የመጀመሪያዋ በትክክል ለቀቀች። ሁለተኛዋ ላይ ደንግጬ ሳብኩ። ሦስተኛዋን ደግሞ ሁለተኛዋ አናዳኝ ሳብኩ።

ጋሽ_ማታዎማን · ኤፕሪል 6

አይዞህ። ክርህ ስንት ነው? ቀጭን ከሆነ ቀይረው፤ ለእንጨት ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን ይሻላል። ወፍራም ክር ውሃው ስለሚይዘው ጥልቀቷን ትንሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ሥራ ላይ አይጎዳህም። ዘንግህም የሚታጠፍ ይሁን። ደረቅ ዘንግ ከዓሣው አፍ መንጠቆ ይነቅላል፤ ለዚህ ነው የድሮ የፋይበርግላስ ዘንግ የምወደው። ለተያዘ ክራንክቤይት ደግሞ ክሩ ላይ ተንሸራቶ ወርዶ የሚያንኳኳ ከባድ ብረት ይሸጣል።

ታክሲ_በሌሊት · ኤፕሪል 9

ጋሼ ብረቱን አልገዛሁም! ጋራዥ ሄጄ የተጣለ ካንዴላ ለመንኩ። የካንዴላውን ጫፍ የምትነካውን ጥምዝ ብረት ገርበብ አድርጌ ክሩን አስገባሁና መልሼ ዘጋሁት፤ ዘንጉን ከፍ አድርጌ ክሩን ሳላላው ካንዴላው እየተንሸራተተ ወርዶ አፍንጫዋን «ቋ» አደረጋት። ለቀቀች። የቀረችኝን አንዲቷን በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ አድኛታለሁ። ካንዴላው እንዳይጠፋ ለብቻው ገመድ አስሬበታለሁ።

የጋርላንዱ · ኤፕሪል 9

ይኼ መድረክ ላይ ካነበብኩት ሁሉ ጠቃሚው። ነገ አንድ ከረጢት ካንዴላ ሰብስቤ እመጣለሁ።

ዝም_ብዬ_አያለሁ · ሜይ 3

ይቅርታ፣ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም፣ ንባብ ነው የምወደው። ትበሉታላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ነው የምታሠቃዩት?

የአሞራ_ገደል_ልጅ · ሜይ 3

ሃሃ። ባስ ቅርፊት አለው፣ ክንፍ አለው፣ በሃይማኖት በኩል እንደ አምባዛ አያከራክርም። ግን ከፖቶማክ ወንዝ የወጣ ዓሣ ላይ ፒሲቢ በሚባለው ኬሚካል ምክንያት የጤና ማሳሰቢያ ስላለ እኔ እለቀዋለሁ። መጠንም ተወስኗል፤ የባሕር ውሃ ገብቶ በሚወጣበት የፖቶማክ ክፍል ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ከ15 ኢንች በታች የሆነ ባስ ሳይለቁ ማስቀረት አይቻልም፤ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ ነው። መብላት ካማረህ ስኔክሄድ («የእባብ ራስ») የሚባለውን ዓሣ ያዝ፤ 2004 ላይ ፖቶማክ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ሰው እንዲበላው ነው የሚመከረው። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። ስሙን ለእናትህ አትንገራት እንጂ ጥብሱ ይጣፍጣል።

ታክሲ_በሌሊት · ሜይ 11

ያዝኩ!!! ሊሲልቫኒያ ፓርክ፣ ዳር ላይ ከተደረደረው ድንጋይ ጎን ለጎን (የጋርላንዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ)። ገና ሲነጋ ትንንሽ ዓሦች ድንጋዩ ላይ እየተንጫጩ ነበር፣ ውሃው የሚፈላ ይመስላል። 12 ኢንች ብትሆን ነው። ለቀቅኳት። ለሁለት ቀን ዝም ብዬ እየሳቅኩ ታክሲ ነዳሁ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ጠየቀኝ።

የጋርላንዱ · ሜይ 11

እንኳን ደስ አለህ! ያየኸው ሻድ እንቁላል ሲጥል ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ያበቃል፣ ስለዚህ የሌሊት ሥራህ ለአንድ ጊዜ ጠቀመህ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀዩን አስቀምጥና ነጭና ብርማ ወርውር።

ታክሲ_በሌሊት · ጁላይ 8

ክረምቱ ምን ጉድ ነው? (የፈረንጁን በጋ ማለቴ ነው፤ በአገር ቤት ክረምት ላይ መሆናችን ግራ እያጋባኝ ነው።) ወንዙ ሣር ብቻ ሆኗል። ክራንክቤይቴ በወረወርኩ ቁጥር ሰላጣ ይዛ ትመጣለች።

ጋሽ_ማታዎማን · ጁላይ 8

ሰላጣው ሃይድሪላ ይባላል። ፖቶማክ ላይ በ1982 ነው የታየው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ወንዙ ሊዘጋ ነው ብሎ ጮኸ፤ ባሱ ግን ወደደው። አሁን ውሃው 80 ዲግሪን አልፏል፣ ባስ ጥላና ኦክስጅን ስለሚፈልግ ሣሩ ሥር ነው የሚውለው።

ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ብዙ የማትጠልቅ ያዝ። «ቤቢ ዋን ማይነስ» የምትባለው ከአንድ ጫማ አትወርድም፤ ሣሩ ገና ከላይ ካልደረሰ ጭንቅላቱን እየላሰች ታልፋለች። ሣሩ ውሃውን ከሸፈነው ግን ክራንክቤይት አስቀምጥ፣ ጊዜህን አታጥፋ። ሁለተኛ፣ ታይዱን ጠብቅ። እዚህ ወንዙ በየ6 ሰዓቱ ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሃው ሙሉ ሲሆን ባሱ ሣሩ ውስጥ ተበትኖ ይገባል፣ አታገኘውም። ውሃው ሲሸሽ ሁለት ጫማ ያህል ይጎድላል፤ መቀመጫው ሲደርቅበት ወደ ሣሩ የውጭ ጠርዝ ይወጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው ወርቆቹ። ጠርዙን ይዘህ ጎን ለጎን ወርውር። ሣር ስትይዝ ዘንጉን ነጠቅ አድርገህ አላቅቃት፤ እንጨት ላይ «አትሳብ» ያልኩህን እዚህ ገልብጠው። ሣሩ ሲበጠስና ስትፈናጠር ነው የሚመታት።

ታይዱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ጥሩ ከነበረ በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ነው።

በረዶ_ሰባሪ · ጁላይ 9

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ። እኛ ጋ ታይድ የለ፣ ሣር ውስጥ መግባት የለ፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ስሞልማውዝ የሚባለውን የባስ ዓይነት ነው የምይዘው፣ ድንጋይ ላይ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሁላችሁም ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ሁለት ሁለት የተንጠለጠለበት ነገር በእጃችሁ እየያዛችሁ ስለ አወጣጡ አንድም ሰው አልጻፈም።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ዓሣ ይዤ ላላቅቀው ስል ተንቀጠቀጠና የኋላው መንጠቆ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ፤ የፊተኛው ደግሞ የዓሣው አፍ ውስጥ ነው። እኔና እሱ በአንድ ገመድ ታስረን ተያየን። እሱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እኔ እጮሃለሁ። ጎረቤቴ ዓሣውን ሲይዝልኝ ጸጥ አለ። ከዚያ ድንገተኛ ክሊኒክ ሄጄ አወጡልኝ። አሁን በየመንጠቆው ጫፍ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄአለሁ፣ ፒንሳ ሳልይዝ ዓሣ አፍ አልነካም። አንዳንዴ ዓሣ ያመልጠኛል። ያምልጥ።

የአሞራ_ገደል_ልጅ · ጁላይ 9

«እኔና እሱ በአንድ ገመድ ታስረን ተያየን» 😂 እግዜር ይማርህ።

ታክሲ_በሌሊት · ኦክቶበር 19

ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ጋሽ_ማታዎማን በጀልባቸው ወሰዱኝ። ቀጠሮው «ቅዳሜ 1 ሰዓት፣ ስሞልውድ ፓርክ» ነበር። በፈረንጅ 1 ሰዓት መስሎኝ ልተኛ ስል ደወሉልኝ፦ «ታይዱ አይጠብቅህም»። ሳልተኛ በቀጥታ ሄድኩ። ማታዎማን ክሪክ ሜሪላንድ ስለሆነ የዚያን ፈቃድ ቀድሜ አውጥቻለሁ።

ጉም ነበር። ውሃው 61 ዲግሪ (አዎ፣ ቴርሞሜትር ገዛሁ)። ሃይድሪላው ቡናማ ሆኖ እየሞተ ነው፣ ክፍት ክፍት ቦታ ሠርቷል። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና በጣታቸው አሳዩኝ፦ ከክሪኩ አፍ ወደ ውስጥ ትንንሽ ሻድ በመንጋ እየገቡ ነው፣ ውሃው ላይ ዝናብ የሚያካፋ ይመስላል። «መጸው ላይ ባስን አትፈልግ፣ ምግቡን ፈልግ» አሉኝ። ሻድ የምትመስል ግራጫና ነጭ ስኩዌርቢል ሰጡኝ፣ እኔ ያለችኝን ቀይዋን ሳያዩኝ ኪሴ ከተትኳት።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ሁለት ትንንሽ። ከዚያ ወንዙ ውስጥ ቆሞ የቀረ አሮጌ የመርከብ ማሰሪያ ግንድ ጋ ደረስን። እሳቸው «ከግንዱ አሳልፈህ ወርውር» አሉ። አሳልፌ ወረወርኩ። ስጠቀልል እጄ ላይ የሚሰማኝ ያ የታወቀ ንዝረት ነው፣ ትር ትር ትር ትር፣ ከዚያ ቋ። ግንዱ። አላላሁ። አንድ...

ሁለት አልደረስኩም። የመታኝ ነገር የለም፣ ሰው እንደሚለው እጄን አልነቀለኝም። ንዝረቱ ብቻ ጠፋ። ክሩ ዝም ብሎ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ መጋረጃ እንደሚዘጋ። ግራ ገብቶኝ ጋሼን አየኋቸው። «ምን ታየኛለህ፣ ጠቅልል!»

ዘንጉ እስከ እጀታው ታጠፈ። ግንዱን ልትዞርብኝ ስትል ጋሼ ጀልባዋን በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ኋላ ሳቡልኝ። አንዴ ዘለለች፤ አፏ ውስጥ ቡጢዬ ይገባል። ክራንክቤይቷ በአንዲት የኋላ መንጠቆ ብቻ በከንፈሯ ጥግ ተንጠልጥላለች። መረቡ ውስጥ ስትገባ ራሷ ወለቀች። አስቡት፣ እዚያ መረቡ ውስጥ!

4 ፓውንድ ከ10 ኦውንስ። ጋሼ ሚዛን አላቸው። ጎኗ አረንጓዴ ሆኖ ከራሷ እስከ ጅራቷ የሚሄደው ጥቁር መስመር የተቆራረጠ ነው፣ ሆዷ እንደ ወተት ነጭ። ታችኛ ከንፈሯን በአውራ ጣቴ ያዝኳት፤ አሸዋ ወረቀት ይመስላል፣ አውራ ጣቴ እስከ ሰኞ ድረስ ይፍቀኝ ነበር። ፎቶ ተነሣንና ለቀቅኳት። ወዲያው አልሄደችም፣ እጄ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ጅራቷ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨብኝ።

የጋርላንዱ · ኦክቶበር 19

እኔ ከቢሮ ነው የማነበው፣ «ጠቅልል!» ብዬ ጮኬአለሁ።

የአሞራ_ገደል_ልጅ · ኦክቶበር 20

ንዝረቱ መጥፋቱን ያልከው ትልቅ ነገር ነው፣ ጀማሪዎች ልብ በሉ። ባስ ከኋላ መጥቶ ሲውጣት ወደ አንተ ከዋኘ የሚሰማህ ምንም ነገር የለም። ትርታው በጠፋ ቁጥር ወይ ሣር ነው ወይ ዓሣ ነው፤ ሁለቱንም ጠቅልል።

ቀይዋን ከኪስህ አውጣት ግን፤ ማርች ላይ ታስፈልግሃለች። (የጋርላንዱ፣ ይኼን አንብበህ እንዳትኩራራ።)

ታክሲ_በሌሊት · ጃንዋሪ 12

እንደምን ከረማችሁ። ጋሼ፣ ውሃው 39 ነው። ክራንክቤይት ሙሉ በሙሉ ላስቀምጥ?

ጋሽ_ማታዎማን · ጃንዋሪ 12

40 ካልደረሰ እኔ ቤቴ ነኝ፤ አልዋሽህም። ግን በዚህ ጊዜ የሚሠራ ሥራ አለ። መንጠቆዎቹን በሙሉ አውጥተህ ጥፍርህ ላይ ሞክራቸው፤ የሚንሸራተት ካለ ቀይረው። ክሩን አውልቅ። ያጋደሉትን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እየጎተትክ ቀጥ አድርጋቸው፤ ባለቤትህ ምን እንደምትል እኔ አላውቅም።

ታክሲ_በሌሊት · ጃንዋሪ 13

«ይኼ ሁሉ ባስ እያለን ለምን በእግር እንሄዳለን?» ብላለች።